የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሠንጠረዥ ይዞ ዜና መሥራት

በዚህ ዕትም የምንመልሰው ከጅማ ከተማና ከዞኑ ወረዳዎች የደረሱንን ጥያቄዎች ነው። ጠያቂዎቹ ዘጋቢዎች፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችና የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ናቸው። የሁሉም ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ እጃቸው የገባውን ሪፖርት ወደሚደመርና ወደሚነጻጸር መረጃ መለወጥ። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ስም ትተን ሰፈር ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት የቡና ርክክብ ሪፖርት በፒዲኤፍ ሰጡኝ፤ አርባ ገጽ ገደማ ነው። ወደ ኤክሴል ስገለብጠው አንዳንዱ ገጽ ቁጥሩ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ይከመራል፤ ሌላው ገጽ የማይነበብ የላቲን ፊደል ይሆንብኛል። በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አለ?
— የማኅበረሰብ ሬዲዮ ዘጋቢ፣ ሄርማታ

መልስ፦ መጀመሪያ ሪፖርቱን ወዳዘጋጀው ባለሙያ ይመለሱ። ያ ሠንጠረዥ ሲጀመር ፒዲኤፍ አልነበረም፤ ኤክሴል ላይ ተሠርቶ ለፊርማና ለማኅተም ሲባል የተቀየረ ነው። «ዋናውን ኤክሴል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይላኩልኝ» ብሎ መጠየቅ ምንም ነውር የለበትም። ብዙ ጊዜ ፒዲኤፍ የሚሰጠው ኤክሴሉ ስለተከለከለ ሳይሆን ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ኤክሴሉ የለም ከተባለ ፒዲኤፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አንድ ቁጥር ላይ በማውዝ ይጎትቱ። ቁጥሩ ብቻውን ከተመረጠ ፋይሉ ጽሑፍ አለው። ገጹ እንደ ፎቶ በጅምላ ከተመረጠ ስካን ነው። ተመርጦ ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ቅራቅንቦ የሚሆን ከሆነ ደግሞ የተጻፈው ከዩኒኮድ (የሁሉም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ ነው። የእርስዎ ሪፖርት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅልቅል ይመስላል።

ጽሑፍ ላለው ፒዲኤፍ ታቡላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ጃቫ ይፈልጋል፤ የሚከፈተው በብሮውዘር ቢሆንም የሚሠራው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ፋይሉ ከእጅዎ አይወጣም። በሠንጠረዡ ዙሪያ ሳጥን ይሥሩ፤ ርዕሱንና የገጽ ቁጥሩን ከሳጥኑ ውጭ ይተዉ። ሠንጠረዡ መስመር የተሰመረበት ከሆነ «ላቲስ»፣ መስመር ከሌለው «ስትሪም» የሚለውን ይምረጡ። አንድ ዓምድ ላይ ተከመረ ያሉት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምርጫ በመለወጥ ብቻ ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። በሪፖርቶቻችን የወረዳው ስም በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ ይጻፍና ሥሩ ያሉት የቀበሌ ረድፎች ባዶ ይተዋሉ። ባዶዎቹን ከላይ ባለው ስም ሳይሞሉ በቁጥር ብዛት ከደረደሩት የትኛው ቀበሌ የየትኛው ወረዳ እንደነበር ከዚያ ፋይል ዳግም ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ መሙላት፣ ቀጥሎ ከ1 ጀምሮ የረድፍ ተራ ቁጥር የያዘ ዓምድ መጨመር፣ መደርደር ከዚያ ወዲያ ነው።

ለአሮጌው ፎንት ፎንት መቀየሪያ ፍለጋ ጊዜዎን አያባክኑ። የወረዳዎቹ ስም ከሃያ ብዙም አይርቅም። በሌላ ገጽ ላይ በአንዱ ዓምድ ቅራቅንቦውን፣ በሌላው ትክክለኛውን ስም አንድ ጊዜ ይጻፉና በቪሉክአፕ (ከአንድ ዝርዝር ተጓዳኙን ፈልጎ በሚያመጣው የኤክሴል ፎርሙላ) ይተኩት።

ስካን ከሆነ ቴሰራክት (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም) አማርኛ ያነባል፤ የአማርኛው የቋንቋ ፋይል ግን ለብቻው መጫን አለበት። ገጹ ቀጥ ብሎ፣ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ ጥራት) ይነሣ። በስልክ ካሜራ ዘንበል ብሎ የተነሣ ገጽ 3ን 8፣ 5ን 6 ያደርጋል። በእኛ ግምት ከአሥር ገጽ በታች ለሆነ ስካን ሁለት ሰው ለየብቻ ጽፎ ማወዳደር ከማስነበብ ይፈጥናል፤ ሁለቱን ጽሑፍ ሴል በሴል እኩል መሆናቸውን ኤክሴል ራሱ ይነግርዎታል።

በየትኛውም መንገድ ይገልብጡት፣ የእያንዳንዱን ዓምድ ድምር ሪፖርቱ ላይ ከታተመው ድምር ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል፤ 540 የነበረው 450 ሲባል ልዩነቱ 90 ነው። ልዩነቱ ከአንዱ ረድፍ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ያ ረድፍ ተዘሏል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል። የእርስዎ ግልባጭ ትክክል ሆኖ የታተመው ድምር ከተሳሳተስ? ያኔ ለጽሕፈት ቤቱ የሚቀርብ ጥሩ ጥያቄ አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ቀኖችን ኤክሴል ይለውጥብኛል። አንዳንዱ ይለወጣል፣ አንዳንዱ አይለወጥም። ለምን?
— የኮሙኒኬሽን ባለሙያ፣ አጋሮ

መልስ፦ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው፤ የተጻፈው ቀን በዚያ አቆጣጠር ካለ በግድ ይቀበለዋል፣ ከሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ የተስተካከለው በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ማለትም ወር ከቀን ቀድሞ ከሆነ ጥር 12 ቀን 2015 ለማለት የተጻፈው 12/5/2015 ዲሴምበር 5 ይሆናል። 13/5/2015 ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከወሩ 1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ይገለበጣሉ፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት ይተርፋሉ። የጳጉሜን 5 አጻጻፍ፣ 5/13/2015፣ ደግሞ ይባስ ብሎ ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቀን ከወር ቀድሞ በሚጻፍበት ቅንብርም ችግሩ አይጠፋም። ጳጉሜን በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪ 30 ተብሎ ይጣላል። ጥቅምት 29 ቀን 2015 አይታወቅም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ግን ያልፋል፤ 2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ቀን ያላት ዓመት ናትና። እንዲህ ያለ ፋይል ላይ የወር ድምር ቢሠሩ ቁጥር ይወጣል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። አደጋው ይኸው ነው። ለመለየት የሴሎቹን አሰላለፍ አይንኩና ይመልከቱ፦ ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ተደርጎ ተወስዷል፣ ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ ነው።

መፍትሔው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሦስት ዓምድ በተራ ቁጥር መጻፍ ነው። የፈረንጅ ቀን ካስፈለገ አራተኛ ዓምድ ይክፈቱና ይህን ያስሉ፦ ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ጥለው የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ደምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ደምሩ፤ ቀኑን ደምሩ፤ ከጠቅላላው 691,164 ቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጥበት ቁጥር ስለሆነ የሴሉን ፎርማት «ዴት» ማድረግ ብቻ ይቀራል።

እንሞክረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016፦ 735,840 ሲደመር 504፣ ሲደመር 300፣ ሲደመር 22፣ ድምሩ 736,666። 691,164 ሲቀነስ 45,502። ይህን ቀን አድርገው ሲያዩት ጁላይ 29 ቀን 2024 ይላል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ዕለት ነው። ፎርሙላው ጳጉሜንንም በትክክል ያስላል።

እግረ መንገዳችንን፦ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ጨምሮ 95 ወይም 96 ቀን አለው፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። «በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ገቢ በ5 በመቶ አደገ» የሚል መግለጫ ከሌላ ሩብ ዓመት ጋር የተነጻጸረ ከሆነ፣ ዕድገቱ ጳጉሜን ራሷ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ሁለት ሠንጠረዥ አለኝ፤ አንዱ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ ሌላው የምርት። በወረዳ ስም ላገናኛቸው ስል ግማሹ አይገናኝም። ዓይን ሲያየው ስሙ አንድ ነው።
— ፍሪላንስ ዘጋቢ፣ ፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ለዓይን አንድ የሆነው ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። ሰጠማ በ«ሰ» እና ሠጠማ በ«ሠ» ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለእሱ ግን እንደ በግና እንደ ፍየል ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንዲሁ። በዚያ ላይ በጅማ ዞን ስሞቹ በሦስት መንገድ ይጻፋሉ፦ በግዕዝ ፊደል፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ ልማድ። ሰቃ ጨቆርሳ ብቻውን አራት አምስት አጻጻፍ ይኖረዋል። በቁቤ ሊሙ ሲጻፍ «ም» ይጠብቃል፣ ጎማ ሲጻፍ አናባቢዎቹ ይረዝማሉ፤ የእንግሊዝኛው ዝርዝር ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል። የሁዻ ምልክትም (በቁቤ ቃል መካከል የሚገባው፣ ነጠላ ጥቅስ የሚመስለው) ቀጥ ያለውና የተቆለመመው ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው።

ጽዳቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ። ዋናውን ዓምድ አይንኩ፤ ቅጂ ዓምድ ይክፈቱ። በ«ትሪም» ትርፍ ክፍተት ያስወግዱ። ከድረ ገጽ ወይም ከዎርድ የመጣ ክፍተት ግን ተራ ክፍተት ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩ 160 የሆነው ክፍተት በ«ትሪም» አይወጣምና በመተኪያ ትእዛዝ ለብቻው ይለውጡት። ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይመልሱ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፤ ሰባቱንም ቤት። «ወረዳ» የሚለውን ቅጥያም ያንሱ።

ኦፕንሪፋይን የተባለው የመረጃ ማጽጃ ፕሮግራም የሚቀራረቡ ስሞችን ሰብስቦ ያሳያል፤ በነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ነገር ግን በድምፅ የሚያቀራርቡት ዘዴዎቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ ለፊደላችን አይረዱም። «ሌቨንሽታይን» የሚባለው፣ ስንት ፊደል ቢለወጥ አንዱ ስም ሌላውን እንደሚሆን የሚቆጥረው፣ ይሠራል፤ ግን ርቀቱን 2 አያድርጉት። ጎማ፣ ጌራ እና ማና የተባሉት የወረዳ ስሞች ሁሉም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ሁለት ፊደል መለወጥ ከተፈቀደ ጎማ ጌራን ይሆናል፣ ማናም ሁለቱንም። ርቀቱ 1 ይሁን፤ እያንዳንዱን ጥቆማ በዓይን አይተው ይቀበሉ።

ዘለቄታ ያለው መፍትሔ ግን የመታወቂያ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ኮድ፣ ከጎኑ ያገኟቸው አጻጻፎች ሁሉ፣ እያንዳንዱ በየረድፉ። ኮዱን ራስዎ ከመፍጠር የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ለወረዳዎች የሚጠቀምበትን «ፒ-ኮድ» ቢወስዱ ካርታ ለመሥራትም ይጠቅምዎታል። አዲስ አጻጻፍ ባገኙ ቁጥር አንድ ረድፍ ይጨምሩ። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ወረዳ ይከፈላል፣ አዲስ ወረዳ ይወጣል። ምርቱ «በግማሽ ቀነሰ» ከመባሉ በፊት ወረዳው ራሱ በግማሽ አለመቀነሱ ይጣራ።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ፓይተን ልጀምር ወይስ ኤስኪውኤል? ጓደኞቼ ፓይተን ካላወቅህ ዳታ ጋዜጠኛ አትሆንም ይሉኛል።
— ተማሪ፣ ቆጪ

መልስ፦ በኤክሴል ይጀምሩ፣ ወደ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ይሻገሩ፣ ፓይተንን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) አንድ ሥራ ሲያስገድድዎት ይማሩት። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ ተቃራኒውን የሚሉ ጎበዝ ሰዎችም አሉ።

ምክንያታችን ይህ ነው። የአገር ውስጥ ዜና የሚጠይቀው አብዛኛው ሥራ ማጣራት፣ መመደብ፣ መደመርና ሁለት ዝርዝር ማገናኘት ነው። ኤስኪውኤል ይህን በአምስት ቃል ይሠራዋል፦ «ሴሌክት» ዓምድ ይመርጣል፣ «ፍሮም» ሠንጠረዡን ይጠራል፣ «ዌር» ያጣራል፣ «ግሩፕ ባይ» ይመድባል፣ «ጆይን» ያገናኛል። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ሰርቨር አያስፈልገውም። «ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አስገብቶ መጠየቅ ይቻላል። የጻፉት ጥያቄ በጽሑፍ ስለሚቀመጥ አርታኢዎ ቁጥሩ ከየት መጣ ሲልዎት ያሳዩታል። ኤክሴል ላይ በማውዝ የተሠራ ነገር ይህ ዱካ የለውም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ሠንጠረዥ ፈቃድ ያላቸው ቡና አቅራቢዎች ዝርዝር ነው፤ ሌላው የርክክብ መዝገብ። ጥያቄው «ቡና አስረክበው በፈቃድ ዝርዝሩ ላይ የሌሉ አሉ?» ነው። ርክክቡን በግራ አድርገው በ«ሌፍት ጆይን» (የግራውን ረድፍ ሁሉ ተዛማጅ ባይኖረውም በሚያስቀረው ማገናኛ) በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያገናኙና የፈቃዱ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ያውጡ።

የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ስም ይዞ ሲመጣ ልብዎ አይዝለል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ ብዙዎቹ በ00 ይጀምራሉ። አንዱ ፋይል ኤክሴል ውስጥ አልፎ ከሆነ መሪዎቹ ዜሮዎች ተቆርጠው 8 አሃዝ ቀርቷል፣ ስለዚህ አይገናኝም። የቁጥሩን ርዝመት ይቁጠሩና የጎደለውን በዜሮ ይሙሉ። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ መለያ ደግሞ ኤክሴል ላይ እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ዜሮ ይሆናሉ፤ ያ የማይመለስ ጥፋት ነው፤ ፋይሉን እንደ አዲስ «ቴክስት» አድርጎ ማስገባት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተረፉትን ስሞች እንኳ «ያለ ፈቃድ የሚነግዱ» አይበሏቸው። ያወቁት ነገር በተሰጠዎት ዝርዝር ላይ አለመኖራቸውን ነው፤ ዝርዝሩ በየትኛው ቀን እንደወጣ ይጠይቁ፣ ባለጉዳዮቹንም ያነጋግሩ።

ሁለተኛው ጥፋት በተቃራኒው ይመጣል። በፈቃድ ዝርዝሩ አንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ርክክቡ በመገናኘቱ ብቻ እጥፍ ይሆናል። ከማገናኘትዎ በፊት ርክክቡ 3,000 ረድፍ ከነበረ፣ ከ«ሌፍት ጆይን» በኋላም 3,000 መሆን አለበት፤ ከበለጠ ይቁሙ።

ቋንቋው የትኛውም ቢሆን ግን ፋይል ሲደርስዎት መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ አንዱ ረድፍ የምን ነው? የአንድ ገበሬ? የአንድ ርክክብ? የአንድ ወር ድምር? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ ምንም ዓይነት ኮድ አይጻፉ። ከታች «ጠቅላላ ድምር» የሚል ረድፍ ተሰንቅሮ ዓምዱ ሲደመር ውጤቱ ድርብ የሚሆነው ይህ ጥያቄ ሲዘለል ነው።

ፓይተን የሚያስፈልገው መቼ ነው? ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ብዙ ፋይሎች ሲኖሩ፣ ለምሳሌ ከየወረዳው በየወሩ የሚመጡ የአምስት ዓመት ሪፖርቶች። «ፓንዳስ» በተባለው ላይብረሪ (የተዘጋጀ የፓይተን ኮድ ስብስብ) ሃያ መስመር ያህል ኮድ ሁሉንም አንብቦ ያጣብቃቸዋል። እያንዳንዱ ረድፍ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚናገር ዓምድ መጨመር አይርሱ። ከድረ ገጽ ላይ ዋጋ ለመሰብሰብም ፓይተን ይረዳል፤ በሁለት ጥያቄ መካከል ጥቂት ሰከንድ ያሳርፉ፣ የወረደውን ገጽ እንዳለ ያስቀምጡ፣ በይለፍ ቃል የተዘጋውን በር አይነካኩ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ የገበሬው የቡና ዋጋና የዓለም ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ በግራፍ ማሳየት እፈልጋለሁ። መለኪያው ግን ግራ ያጋባል።
— ዘጋቢ፣ ሊሙ

መልስ፦ እኛ ጋ ዋጋ በፈረሱላ ይጠራል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ የሚነገረው በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው፤ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ። ስለዚህ አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ነው። ለምሳሌ የኒውዮርክ ዋጋ 250 ሳንቲም ቢሆን፣ 2.50 ዶላር በ37.48 ሲባዛ 93.70 ዶላር በፈረሱላ ይሆናል። ይህን በዕለቱ ምንዛሪ ያባዙ። «በዕለቱ» ያልነው አውቀን ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን የሚያቋርጥ ግራፍ በአንድ ምንዛሪ ከተሠራ ዋጋ ሳይለወጥ ተራራ ይሠራል። ለንጽጽር ሁለቱንም በዶላር መሳል ይሻላል።

ቀጥሎ ቡናው ምን መልክ እንዳለው ይጠይቁ። የዓለም ዋጋ የተፈለፈለ ቡና ዋጋ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ግን እሸት ወይም ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) ነው። በግርድፉ አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ወይም 2 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ያስፈልጋል። የእሸቱን የኪሎ ዋጋ በቀጥታ ከኒውዮርክ ጋር ያስቀመጠ ግራፍ ገበሬው ከሚያገኘው ስድስት እጥፍ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ግራፉን በ5ም በ6ም ሠርተው ልዩነቱን በጥላ ያሳዩ፤ አንድ መስመር ብቻ መሳል የሌለ እርግጠኝነት ማስመሰል ነው። የታጠበና ያልታጠበ ቡና አይቀላቀሉ፤ ደረጃም ይጻፍ። የሚቀረው ክፍተትም ሁሉ የነጋዴ ትርፍ አይደለም፦ ማድረቂያ፣ መፈልፈያ፣ መጓጓዣ፣ ብክነትና ግብር ውስጡ አሉ።

ጥያቄ፦ የበሽተኛ ቁጥርን በ100,000 ሰው ለማስላት የትኛውን የሕዝብ ብዛት ልጠቀም?
— ዘጋቢ፣ ጂረን

መልስ፦ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትን ትንበያ ይጠቀሙና የየትኛው ዓመት ትንበያ እንደሆነ ዜናው ላይ ይጻፉ። በ1999 ቆጠራ ጅማ ዞን 2,486,155፣ ጅማ ከተማ 120,960 ሰው ነበራቸው፤ የተቆጠሩት ለየብቻ ነው። የዞኑ ቁጥር ከተማዋን የያዘ መስሎት የሚያካፍል ይሳሳታል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሚካፈለው፣ ማለትም የበሽተኞቹ ቁጥር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከኢሉ አባቦር፣ ከካፋና ከሌሎችም የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች በሪፈር የሚመጡ ሰዎችን ያክማል። የማዕከሉን ሕሙማን በከተማዋ ሕዝብ ማካፈል ጅማን የበሽታ መናኸሪያ ያስመስላታል። የታካሚው መኖሪያ የተመዘገበበትን ዓምድ ይጠይቁ። ከ2 ወደ 4 የጨመረን ነገርም «በ100 በመቶ አሻቀበ» አይበሉ፤ 2 እና 4 ብለው ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ጽሕፈት ቤቱ «ዳታ አንሰጥም» ይለኛል። በደብዳቤ ምን ብዬ ልጠይቅ?
— ዘጋቢ፣ ሰቃ

መልስ፦ «ስለ ጤና መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ የሚመልሰው የለም። መጀመሪያ ባዶውን የመመዝገቢያ ቅጽ ይጠይቁ፤ ባዶ ቅጽ ምስጢር የለውምና ይሰጥዎታል። ከእሱ ላይ ዓምዶቹን በስማቸው ይዘርዝሩ፣ ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፣ «የግለሰብ ስምና ስልክ ቀርቶ፣ በኤክሴል» ብለው ይጨርሱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ወይም ቢያያዝበት ከመዝገብ ቤት ቶሎ ይወጣል። ሲያስገቡ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያች የገቢ ቁጥር ነው። ካልመለሱ ወይም ከከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ኢንተርኔቱም መብራቱም ይቆራረጣል። ይቻላል?
— ተማሪ፣ መንደራ

መልስ፦ ይቻላል። ሊብረኦፊስ (በኤክሴል ምትክ የሚያገለግል ነፃ ፕሮግራም)፣ ታቡላ፣ ኤስኪውላይት ሁሉም አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ መስመር ይሠራሉ። አንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው፤ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት 65,536 ብቻ። ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው 15,841 የኮቪድ ምርመራ ውጤት ከሪፖርት ያጎደለችው በዚሁ አሮጌ ፋይል ነው። ሲኤስቪ ተከፍቶ አማርኛው ቅራቅንቦ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት፣ በ«ዳታ» ሥር ካለው ማስገቢያ ገብተው «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን የፊደል ኮድ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ዜናው ከወጣ በኋላ ሠንጠረዡን ለአድማጮች ባጋራ ጉዳት አለው?
— የማኅበረሰብ ሬዲዮ አዘጋጅ፣ ቦሳ ቂጦ

መልስ፦ ማጋራቱ ጥሩ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን አለ። ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም። በአንድ ቀበሌ «ሴት፣ 71 ዓመት፣ ጡረተኛ መምህርት» የሚል ረድፍ ጎረቤት ወዲያው ያውቀዋል። ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል ይመድቡ፣ ቀበሌን ወደ ወረዳ ያሳድጉ፣ ከ5 ሰው በታች ያለበትን ሴል «ከ5 በታች» ይበሉት። አንድ ሴል ደብቀው ድምሩን ከተዉት ግን በመቀነስ ይገኛል፤ ሁለተኛ ሴል አብሮ መደበቅ አለበት።

ኤክሴሉን እንዳለ አይላኩ። የተደበቀ ዓምድ በአንድ ጠቅታ ይገለጣል፤ ፒቮት ሠንጠረዥም (ጥሬ መረጃን መድቦ የሚደምረው) የመጣበትን ጥሬ መረጃ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ ድምሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲደረግ የሰዎቹ ዝርዝር ይዘረገፋል። የሚጋራውን ብቻ ገልብጠው በአዲስ ፋይል «ቫልዩ ብቻ» ብለው ይለጥፉ፣ በሲኤስቪ ያስቀምጡ፣ ከመላክዎ በፊት በኖትፓድ ይክፈቱት። ሲኤስቪ ምንም አይደብቅም፤ የተረሳ ስም ወይም ስልክ ካለ እዚያው ፊት ለፊት ያገኙታል።